በአንድ ቃል የሚሄድ ጥሪት

በጥቅምት 1988 ዋልደማር ራትዝላፍ የተባለ ሰው በኔቫዳ ክፍለ ግዛት፣ ሬኖ ከተማ፣ አንድ ካሲኖ ውስጥ ካርታ ሲጫወት አምሽቶ የ160,000 ዶላር ዕዳ ተሸክሞ ወጣ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካሲኖው አንድ ሳምንት ቀጠሮ ሰጠው። ቀኑ ሲደርስ ሰውየው 100,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከች አለ። ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬው ከተቀበልን ለመንግሥት ሪፖርት ማድረግ ግዴታችን ነው አሉት። ሪፖርቱን አልወደደውም። ካሲኖውም ገንዘቡ እንዲያመልጠው አልፈለገምና ሊሙዚን ከነአጃቢው መደበለት። ራትዝላፍ በሊሙዚኑ ባንክ ለባንክ እየዞረ፣ ከእያንዳንዱ ከ10,000 ዶላር በታች የሆነ ቼክ እያሠራ ዕዳውን መክፈል ጀመረ።

ገንዘብን እንዲህ ሸራርፎ ከሪፖርት ማምለጥ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው። ራትዝላፍ ተከሰሰ፤ ጁሪውም ጥፋተኛ አለው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን በ1994 መጀመሪያ አምስት ዳኞች በአራት ላይ አሸንፈው ፍርዱን ሻሩት። ምክንያታቸው በሕጉ አንቀጽ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ቃል ነበረች፤ «ዊልፉል» የምትባል። ሕጉ የሚቀጣው «ሆን ብሎ» የጣሰውን ነው። ስለዚህ ሰውየው ባንኮች ሪፖርት እንደሚያደርጉ ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ ገንዘቡን መሸራረፉ ራሱ ክልክል መሆኑንም ያውቅ እንደነበር ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት አለበት ተባለ። ኮንግረስ በውሳኔው ተናድዶ በዚያው ዓመት ቃሏን ከዚህ ወንጀል ላይ አነሳት።

የእንግሊዝኛ ሕግ ቃላት መቼም አያልቁም፤ የዚችን ያህል ሰው ያስለፈለፈ ግን ጥቂት ነው። በተራው ንግግር እልኸኛ ልጅን፣ ምክር አልሰማ ያለን ሰው ይገልጹባታል። ሕግ ውስጥ ስትገባ ግን ቢያንስ ሦስት መልክ ትይዛለች። አንዱ መልክ የሚጠይቀው ድርጊቱ በስህተት ሳይሆን ታስቦበት መፈጸሙን ብቻ ነው። ሁለተኛው ከዚያ አልፎ ሰውየው ሕግ እየጣሰ መሆኑን ማወቁን ይጠይቃል። ሦስተኛው ደግሞ ባያውቅም እንኳ ማወቅ ሲገባው ዓይኑን የጨፈነውን ሁሉ ይጠቀልላል። በሦስቱ መካከል ያለው ርቀት የነፃ ሰውና የእስረኛ ርቀት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ስማቸው ከገነነ አሜሪካውያን ዳኞች አንዱ የሆኑት ለርንድ ሃንድ፣ ከሕግ መጻሕፍት የሚሰረዙ ቃላት ይመረጡ ቢባል የመጀመሪያዋ ይህች ትሁን እስከማለት ደርሰዋል። በ1962 የወጣው ሞዴል የወንጀል ሕግም ጥፋትን በዓላማ፣ በዕውቀት፣ በግዴለሽነትና በቸልተኝነት አራት ደረጃ ከፍሎ፣ ይህችን ቃል ጥግ አስይዟታል። የፌዴራሉ ሕግ ግን አልተዋትም። ከታክስ እስከ ኢሚግሬሽን፣ ከጦር መሣሪያ ንግድ እስከ ፖሊስ ጥቃት ትገኛለች።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ «ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም» የሚለውን ከልጅነቱ ሲሰማው ያደገ ነው፤ የ2004ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996ቱ) የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም የሚለው ይኸንኑ ነው። አሜሪካም መርሑ አንድ ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ አንዳንድ ሕጎች፣ በተለይ የታክስ ሕግ፣ ከመርሑ መውጫ በር ያላቸው መሆኑ ላይ ነው። በሩ ደግሞ ያችው ቃል ናት።

በበሩ ለማለፍ ከሞከሩት ሁሉ የሚታወሰው ጆን ችክ ነው። የአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከፀረ ታክስ ሰባኪዎች ጋር ገጥሞ፣ ደመወዝ እንደ ገቢ አይቆጠርም ብሎ አምኖ ግብሩን ማስታወቅ አቆመ። የተማረ ሰው እንዲህ ያምናል ወይ የሚያሰኝ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1991 ያለው ለብዙዎች ዱብ ዕዳ ነበር፤ ሰውየው ከልቡ እስካመነ ድረስ እምነቱ የቱንም ያህል ከእውነት የራቀ ቢሆን «ሆን ብሎ» ጣሰ አይባልም አለ። ሕጉን አውቆ «ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል» ብሎ መከራከር ግን አያድንም፤ እሱማ ሕጉን ማወቁን ራሱ ይመሰክርበታል። ችክ እንደገና ለፍርድ ቀረበ፤ ሁለተኛው ጁሪ ከልቡ ማመኑን አላመነለትምና እስር ቤት ገባ። እንግዲህ በወንጀል ችሎት ቃሏ ይህን ያህል ጥብቅ ናት። መንግሥት የተከሳሹን ልብ አውጥቶ እንዲያሳይ ትጠይቃለች።

ጥብቅነቷ ሁልጊዜ ለደካማው ይጠቅማል ማለት ግን አይደለም። በጥር 1943 በጆርጂያ፣ ቤከር ካውንቲ፣ ሸሪፍ ክሎድ ስክሩስ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ሮበርት ሆል የተባለውን የ30 ዓመት ጥቁር ሰው ጎማ ሰርቀሃል ብሎ በሌሊት ከቤቱ አስወጣው። በካቴና እንደታሰረ በቡጢና ሁለት ፓውንድ በሚመዝን የብረት ዱላ ቀጠቀጡት፤ ሕይወቱም አለፈች። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ዝም ሲል የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ የዜጋን መብት «ሆን ብሎ» መግፈፍን በሚከለክለው የቆየ አንቀጽ ከሰሰ፤ አስፈረደም። በ1945 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ሸሪፉ ሆልን ለመጉዳት ማሰቡ አልበቃም፤ አንድ የታወቀ ሕገ መንግሥታዊ መብቱን ለመንጠቅ ማሰቡም መረጋገጥ ነበረበት ተባለ። በድጋሚው ችሎት ስክሩስ ነፃ ወጣ፤ ኋላም የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ሴናተር ሆኖ ተመረጠ። ጆርጅ ፍሎይድን በገደለው የሚኒያፖሊስ ፖሊስ ላይ የቀረበው የፌዴራል ክስም በዚያው አንቀጽ፣ በዚያችው ቃል ነበር። ልዩነቱ እሱ በታኅሣሥ 2021 ጥፋቱን ማመኑ ነው።

አሁን ወደ ቁማርተኛው ራትዝላፍ እንመለስ። የተከሰሰበት ድንጋጌ የ1970ው የባንክ ሕግ አካል ነው። ይኸው ሕግ ሌላም ግዴታ አለው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንን የሚነካው እሱ ነው። የአሜሪካ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ሆነ በታክስ ሕግ ነዋሪ የሚባል ማንኛውም ሰው፣ ከአሜሪካ ውጭ ባሉት ሂሳቦቹ ያለው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለግምጃ ቤቱ በየዓመቱ ማሳወቅ አለበት። ቅጹ «ኤፍባር» ይባላል፤ ከግብር ማስታወቂያው ተለይቶ በኢንተርኔት የሚሞላ ነው። የሚከፈልበት ነገር የለም፤ ማሳወቅ ብቻ ነው። ቀነ ገደቡ ኤፕሪል 15 ሲሆን እስከ ኦክቶበር 15 በራሱ ይራዘማል።

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ በአትላንታ ወይም በዳላስ የሚኖር ስንቱ ነው አዲስ አበባ ሂሳብ የሌለው? አንዱ ለኮንዶሚኒየም ይቆጥባል። ሌላው የዲያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ከፍቷል። ሦስተኛው ለቤት መሥሪያ ብሎ ገንዘብ በወንድሙ በኩል ያስቀምጣል። የበኩር ልጅ ደግሞ አባት ሲያረጁ በእናትና አባቱ ሂሳብ ላይ ፈራሚ ይሆናል፤ ገንዘቡ የሱ አይደለም፣ ፊርማው ግን የሱ ነው፤ ሕጉ ፊርማንም ይቆጥራል። የብሩ ምንዛሪም ነገሩን ያወሳስበዋል። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 570,000 ብር ደፍኖ 10,000 ዶላር ነበር። በሐምሌ 2024 ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ያው 570,000 ብር ከግማሽ በታች ወረደ። ስለዚህ በ2023 ማሳወቅ የነበረበት ሰው ለ2024 ግዴታ ላይኖርበት ይችላል፤ የቀደመው ዓመት ግዴታ ግን ባለበት ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ በየሠፈሩ ስንት ሰው አለ?

አለማወቁ ለምን ያሳስባል ቢባል፣ ቅጣቱ በሁለት ጎራ የተከፈለ በመሆኑ ነው። በ2004 ኮንግረስ ሕጉን ሲያሻሽል፣ ሳያስብ ያላሳወቀ እስከ 10,000 ዶላር፣ «ሆን ብሎ» ያላሳወቀ ደግሞ እስከ 100,000 ዶላር ወይም እስከ ሂሳቡ ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይቀጣ አለ። አኀዞቹ ከዋጋ ንረት ጋር እየተስተካከሉ ዛሬ ከ16,000 እና ከ160,000 ዶላር አልፈዋል። «ከሁለቱ የሚበልጠውን» የምትለዋን ሐረግ ልብ ይሏል። ብዙ ሚሊዮን ያለው ሰው ግማሹን ያጣል፤ 20,000 ዶላር ያለው ግን ያለውን ሁሉ አሟጦ ከፍሎም ዕዳ ሊቀርበት ይችላል።

እዚህ ላይ ያች ጥብቅ ቃል ትላላለች። ወንጀል ሳይሆን የገንዘብ ቅጣት ሲሆን ፍርድ ቤቶች የተከሳሹን ልብ መመርመር ትተው ጥንቃቄውን ይመዝናሉ። መሠረቱን የጣለው በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሁለት የመድን ኩባንያዎች ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው፤ በፍትሐ ብሔር «ሆን ብሎ» የሚለው ከባድ ግዴለሽነትንም ይጨምራል አለ። በ2012 ሪችመንድ ያለው የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን አስተሳሰብ ወደ ኤፍባር ወሰደው። በግብር ማስታወቂያው ላይ «በውጭ አገር የባንክ ሂሳብ ነበረህ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ «የለም» ብሎ የፈረመ ሰው፣ ቅጹን አላነበብኩትም ቢል እንኳ፣ ጥያቄውን እንዳወቀ ይቆጠራል ተባለ። በ2020 ያው ፍርድ ቤት በ1980ዎቹ ለሥራ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄዶ በስዊስ ባንክ ሲቆጥብ የኖረ አንድ አሜሪካዊ ሐኪምና ባለቤቱ ላይ ፈረደ። መከራከሪያቸው፣ እዚያ የነበሩ ወዳጆቻችን ለወለዱ ግብር አይከፈልም ብለውናል የሚል ነበር። የሒሳብ ባለሙያቸው አልጠየቃቸውም፤ እነሱም አልነገሩትም። በቡና ላይ የተገኘ ምክር ከግዴለሽነት አላዳናቸውም። ጉዳዩ የቀረበላቸው ሌሎች ይግባኝ ሰሚዎችም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል።

እንግዲህ ሁለቱ ይነጻጸሩ። በሊሙዚን ባንክ ለባንክ የዞረው ቁማርተኛ ሪፖርት መኖሩ በአፍ ተነግሮታል፤ ሪፖርቱን ለመሸሽም ገንዘቡን ሸራርፏል። እሱ ሆን ብሎ መጣሱ አልተረጋገጠም ተባለ። ታክስ ሠሪው ያዘጋጀላትን ወረቀት ሳታነብ የፈረመች የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ግን ሆን ብላለች ልትባል ትችላለች። ሕጉ አንድ ነው፤ ቃሏም አንድ ናት። የተለየው አንዱ ወንጀል ሌላው የገንዘብ ቅጣት መባሉ ብቻ ነው። የሕግ ሊቃውንት ይህን ልዩነት ተገቢ ነው ይሉታል፤ እስር ከገንዘብ ይከብዳልና። የአንድን ሰው የሃያ ዓመት ቁጠባ ግማሽ መውሰድ ግን በምን መለኪያ ቀላል ነገር ይሆናል? ቅጣቱ ከጉዳቱ ጋር የማይገናኝ፣ ለማስፈራራት የተተመነ ከሆነ፣ መንግሥት ቢያንስ ሰውየው ማወቁን ያስረዳ ማለት የበዛ ጥያቄ አይደለም።

የመንግሥትን ወገን መስማትም ያስፈልጋል። በውጭ ባንክ ገንዘብ መደበቅ ተረት አይደለም። ዩቢኤስ የተባለው ግዙፍ የስዊስ ባንክ አሜሪካውያን ሀብታሞች ከግብር እንዲሸሹ በመርዳቱ በ2009 780 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በ2012 የተፈረደበት ሰውም ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስዊስ ውስጥ ደብቆ የተገኘ፣ ግብር በመሸሽ ጥፋቱንም አምኖ የነበረ ነው፤ ለሱ ማዘን ይከብዳል። «አላወቅሁም» የሚለው መልስ ሁልጊዜ የሚያድን ቢሆን ደግሞ ማንም አያውቅም ነበር። ችግሩ፣ ለሱ ተብሎ የተዘረጋው መረብ ትንሿንም ዓሣ የሚይዝ መሆኑ ነው። ሕጉ በቀድሞው ምንዛሪ የ700,000 ብር ቁጠባንና የስዊስ 7 ሚሊዮን ዶላርን የሚለይበት ሌላ መሣሪያ የለውም፤ ያለው ያችው ቃል ናት። እሷ ከላላች የሚቀረው የአይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ሠራተኛ ርኅራኄ ነው።

ርኅራኄው ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስተማምን በቅርቡ የታዩ ክሶች ይናገራሉ። አሌክሳንድሩ ቢትነር ከሩማንያ መጥቶ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ፣ በ1990 ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ በንግድ የበለጸገ ሰው ነው። ማሳወቅ እንዳለበት ሲረዳ ራሱ ሄዶ አሳወቀ። አይአርኤስ ሆን ብሎ አለመሆኑን ተቀብሎ እንኳ ለአምስት ዓመት ቅጾች፣ ሂሳቦቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ 2.72 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። በየካቲት 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት ቅጣቱ በቅጽ እንጂ በሂሳብ አይቆጠርም ብሎ ወደ 50,000 አወረደለት። በአንድ ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው የተረፈው።

በማሳቹሴትስ የምትኖር በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያለች አያት ግን አልተረፈችም። አባቷ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ቦነስ አይረስ የገባ ሰው ነበር፤ ሊሞት ሲልም በስዊስ ባንክ ገንዘብ ሰጣት፤ አንድ ቀን አንቺም መሸሽ ይኖርብሽ ይሆናልና እዚያው ይቀመጥ ብሎ። አላሳወቀችም። ተከሳ መጀመሪያ ላይ ያለ ጠበቃ ስትከራከር የታዘዘችውን ሰነድ ደጋግማ ባለማቅረቧ፣ ፍርድ ቤቱ እንደ ቅጣት «ሆን ብላ ነው» የሚለውን እንደተረጋገጠ ቆጠረባት። ልቧ ውስጥ ምን እንደነበረ ማንም ሳይመረምር የሰነድ መዘግየት የሐሳብ ማስረጃ ሆነ። ቅጣቱ 2.1 ሚሊዮን ዶላር፤ ወለዱና መዘግየቱ ሲጨመር ሌላ አንድ ሚሊዮን ገደማ። በጥር 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አልሰማም አለ፤ የተቃወሙት ዳኛ ኒል ጎርሰች ብቻ ነበሩ።

ላላወቀ ሰው የተተወ መንገድ የለም ማለት አይደለም። አይአርኤስ ከ2014 ጀምሮ ባሰፋው አሠራር፣ ሳያስብ የቀረ ሰው ያለፉትን ዓመታት ቅጾች አሟልቶ በፈቃዱ ቢቀርብ፣ አሜሪካ ውስጥ ለሚኖር ቅጣቱ ካልተገለጸው ሀብት 5 በመቶ ነው፤ ግብሩን በትክክል ከፍሎ ኤፍባሩን ብቻ ለረሳውም ያለ ቅጣት የሚያልፍበት በር አለ። ቁልፉ ያችው ቃል መሆኗ ግን አልቀረም። አመልካቹ «ሆን ብዬ አይደለም» ብሎ፣ በሐሰት ቢሆን እንደሚከሰስ አውቆ፣ ታሪኩን በራሱ ቃል ጽፎ ይፈርማል። ሂሳቡ መቼ ተከፈተ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ታክስ ሠሪው ጠይቆ ነበር ወይ፣ ሰውየው ምን አለ። ይህን ታሪክ ከጓደኛ ቅጂ ወስዶ መገልበጥ አደገኛ ነው፤ የሌላ ሰው ምክንያት የራስ ምክንያት አይሆንም። አይአርኤስ ራሱ ምርመራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ በሩ ይዘጋል። የሐበሻ ታክስ ሠሪዎች በዚህ ረገድ ተጠያቂነት አለባቸው። አገር ቤት ሂሳብ እንዳለው የሚገምቱትን ደንበኛ ሳይጠይቁ «የለም» ላይ ምልክት ማድረግ ለደንበኛው ጊዜ መቆጠብ አይደለም፤ ነገ በሱ ላይ የሚቀርበውን ማስረጃ በእጃቸው መጻፍ ነው።

የቃሏ ትርጉም በኮንግረስ ቢወሰን ይሻል ነበር፤ በ1994 ለመሰረዝ ወራት ብቻ የፈጀበት ምክር ቤት ለመተርጎም ጊዜ አያጣም። እስከዚያ ግን የአንድ ሰው ዕጣ በሚኖርበት ሠፈር ይወሰናል። በነሐሴ 2024 መቀመጫውን አትላንታ ያደረገው የአሥራ አንደኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ 16,000 ዶላር ገደማ በነበረበት አንድ ሂሳብ ላይ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 100,000 ዶላር መቅጣት ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው የተጋነነ ቅጣት ነው ብሎ ፈረደ። የቦስተኑ ፍርድ ቤት በአያቲቱ ጉዳይ፣ ይህ ገንዘብ በሕገ መንግሥቱ አነጋገር ቅጣት አይባልም ብሎ ነበር። በአትላንታ ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንግዲህ የአሥራ አንደኛው ወረዳ ከለላ አላቸው። ከሁሉም የሚበዙት ግን የሚኖሩት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነው፤ ሁለቱም የሚተዳደሩት ያልተነበበ ፊርማን እንደ ዕውቀት በቆጠረው በአራተኛው ወረዳ ሥር ነው።